የስጦታው ልክ

«ሁለት ሁለት መቶ ብር ይበቃል» አለች አይሻ። «እንደገና ማዋጣታችን አይቀርም። ያኔ እንጨምራለን።»

የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ተሻለች ባዶ ብርጭቆዋን ልትመልስ መጥታ የሻይ ክበቡን በር በክርኗ ልትገፋ ስትል ነው ይህን የሰማችው። ውስጥ ያሉት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ የመሥሪያ ቤቱ ገንዘብ ያዥ አይሻና የሰው ሀብት ክፍሉ እንደሻው። የሚያወሩት ስለ አሰፋሽ የልደት ስጦታ ነው። አሰፋሽ የመሥሪያ ቤቱ ጸሐፊ ናት፤ ከገና ወዲህ በሕመም ፈቃድ ቤቷ ውላለች። ዛሬ ሃምሳ ዓመት ስለሚሞላት ትልቋ ልጇ ባልደረቦቿን ሁሉ ለአሥራ አንድ ሰዓት ጠርታለች። እንደሻው፣ «እውነትሽን ነው፤ የቀብር ወጪ እንዲህ በቀላሉ የሚያልቅ አይደለም» ሲል ተሰማ። ከዚያ ስኳሩን ማማሰል ጀመረ። የሰው ቀብር አስልቶ ሻዩን የሚያማስል ሰው ያለው አሰላ ብቻ አይደለም፤ ተሻለች ግን በዚያች ደቂቃ ከተማዋን ከነሰዉ ጠላቻት። ብርጭቆውን ደጁ ላይ ካለው መስኮት ጠርዝ አስቀምጣ ወደ መዝገብ ቤቷ ተመለሰች።

የአሰፋሽ በሽታ የጉበት ካንሰር ነው። ይህን መሥሪያ ቤቱ ያውቃል፣ ሰፈሩ ያውቃል፣ ዘበኛው ሳይቀር ያውቃል፤ የማታውቀው አሰፋሽ ብቻ ናት። እንዲህ እንዲሆን ያደረገችው ደግሞ ተሻለች ናት። አዲስ አበባ ድረስ አብራት ሄዳ፣ ሐኪሙ «የታማሚዋ ቤተሰብ ማን ነው?» ሲል «እህቷ ነኝ» ብላ ለብቻዋ ገባች። ስትወጣ ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ፣ «ጉበትሽ ተቆጥቷል ነው የሚሉት፤ በመድኃኒት ይመለሳል» አለቻት። እኛ ዘንድ የከፋ በሽታ ለበሽተኛው አይነገርም። ሰው ተስፋ ይቆርጣል፣ ሳይሞት ይሞታል እንላለን። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የምንለውም እኛው ነን፤ በሽታውን ለባለቤቱ ስለሚደብቁ ሰዎች ግን ማንም ተረት አልተረተም። ከዚያ ወዲህ ማን ምን ማለት እንዳለበት የምታሠለጥነው ተሻለች ሆነች። ጠያቂ ሲመጣ ደጅ ላይ ታስቆመውና፣ «ከስተሻል አትበሏት» ትላለች፤ «አምሮብሻል በሏት፤ ግን አታብዙት፣ ብልህ ናት።»

አራት ሰዓት ገደማ አይሻ መዋጮውን ልትሰበስብ ወደ መዝገብ ቤት መጣች። አይሻ ቀጭን ናት፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ አታውቅም፣ ሒሳብ ከማወራረድ ሌላ ነገር የሚያስደስታት አይመስልም። ተሻለች ከፋይሉ ላይ ቀና ሳትል፣ «እኔ የራሴን ለብቻዬ ነው የምሰጣት» አለቻት። አይሻ፣ «ጥሩ፤ አብረን ብናደርገው ግን...» ብላ ሳትጨርስ ተሻለች ቀና አለች። «አንቺ ለቀብሯ አጠራቅሚ። እኔ በቁሟ እሰጣታለሁ።» መዝገብ ቤቱ ውስጥ የነበሩ ሁለት ባለጉዳዮች ዞር ብለው አዩ። አይሻ አፏን ከፈተች፤ የምትለው ነገር እንዳለ ያስታውቃል። መልሳ ገጠመችውና ሻሿን አስተካክላ ወጣች። ተሻለች ደስ አላት። አንድ ሰው እንኳ የሚገባውን ሰማ።

ደስታው እስከ ምሳ ሰዓት አልቆየም። የራሴን ለብቻዬ እሰጣለሁ ማለት ቀላል ነው፤ ስንት? ባለፈው እሑድ ዕቁቧ ወጥቶላት ሃያ ሺህ ብር ቤት ውስጥ አለ። ለአሰፋሽ ከሆነ ሃያውም ቢሆን አይቆጫትም። ልጅ ሆና ከሲሬ መጥታ አሰላ ስትቀጠር፣ ማንንም ሳታውቅ፣ አልጋዋን ለሁለት ከፍላ ያሳደረቻት አሰፋሽ ናት። ባሏን ያገናኘቻት አሰፋሽ ናት። የመጀመሪያ ልጇ ሞቶ የተወለደ ጊዜ፣ አይዞሽ ሳትል፣ ሌላ ትወልጃለሽ ሳትል፣ ዝም ብላ አጠገቧ ተቀምጣ የከረመችው እሷ ናት። ነገር ግን አሰላ ውስጥ ለልደት ሃያ ሺህ ብር የሚያወጣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ የለም። አሰፋሽ ደግሞ ዋጋ አዋቂ ናት፤ አንድ ዕቃ አይታ ስንት እንደተገዛ ከነሱቁ ትነግርሃለች። ውድ ነገር ይዛ ብትሄድ፣ «ምን ሆንኩ ብላ ነው ይህን ሁሉ?» ትላለች፤ ወራት ሙሉ የተደበቀው ነገር በአንድ ስጦታ ይጋለጣል። ርካሽ ነገር ከሆነ ደግሞ የመጨረሻው ነው፤ ሌላ ልደት የለም። ሲበዛ የሚያጋልጥ ሲያንስ የሚያስለቅስ ዋጋ ሱቅ ተገብቶ አይጠየቅም።

ዓርብ ስለሆነ የምሳው ሰዓት ረጅም ነው። ባጃጅ ይዛ ቤቷ ስትደርስ ግቢው በሸራ ተሸፍኗል። የዕድሩ ድንኳን ነው። ባሏ ደመቀ የዕድሩ ንብረት ጠባቂ ነው፤ ጫማውን አውልቆ፣ ሱሪውን ጠቅልሎ፣ ሸራውን በመጥረጊያ እየጠረገ ነበር። ሲያያት ደነገጠ። «ዝናብ አግኝቶት ሻግቷል ብለውኝ ነው» አለ፤ «ፀሐይ ስትወጣ ላድርቀው ብዬ።» እሷ ዳር ዳሩን ይዛ ሸራውን ሳትረግጥ ወደ ቤት ገባች። ሽሮ ቀረበ። ሁለቱም ከአንድ ትሪ ላይ ይቆርሳሉ፣ ሁለቱም በመስኮቱ ወደ ድንኳኑ ላለማየት ግድግዳው ላይ ያለውን ካላንደር ያያሉ። ያ ድንኳን በሌላ ቀን የማንም ድንኳን ነበር፤ ዛሬ የአሰፋሽ ሆነ።

«ለአሰፋሽ ምን ይዤላት ልሂድ?» አለች በመጨረሻ።

ደመቀ እጁን ታጠበ፣ ቀስ ብሎ አደረቀ። የዕቁቡ ብር ለጣራው ቆርቆሮ የታሰበ ነው፤ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ይቀየራል ተብሎ ከቆርቆሮ ቤት ሰውዬው ጋር ተነጋግሮ ነበር። «ቆርቆሮው ይደርሳል» አለ። «የልብሽን አድርጊ።» ይህን ብሎ ወደ ሸራው ተመለሰ። ተሻለች ይከለክለኛል ብላ ነበር። ቢከለክላት ትጣላው ነበር፤ ጥፋቱም የእሱ ይሆን ነበር። ሲፈቅድላት ግን ምርጫው ለብቻዋ ጭንቅላቷ ላይ ወደቀ። ከቁም ሳጥኑ ሥር ብሩን አውጥታ በመሀረብ ቋጠረችና ወጣች።

መጀመሪያ የሄደችው ኢርሻድ ወርቅ ቤት ነው። አሰፋሽ ከእናቷ የወረሰችው የጆሮ ወርቅ ነበራት፤ ለአዲስ አበባው ሕክምና ሸጣው «ለማስጠገን ሰጥቼዋለሁ» ትላለች። ተሻለችም ያመነች መስላ ኖራለች። ያንን የሚመስል ጠየቀች። ኢርሻድ ሚዛኑ ላይ ጣል አድርጎ ዋጋውን ሲነግራት ጆሮዋን ተጠራጠረች። ወርቅ ያበደበት ዘመን ነው፤ በሃያ ሺህ ብር የሚገኘው ዓይን የማይሞላ ቀለበት ብቻ ሆኗል። ቀለበቷን አውጥቶ ሰጣት። ጣቷ ላይ አጠለቀቻት። ታምራለች። የአሰፋሽ ጣት ከስቷል፣ ሳትጠብ ትገባለች። «ለማን ነው፣ እህቴ?» አላት። «ለጓደኛዬ። ሃምሳ ዓመቷ ነው።» ኢርሻድ ፊቱ በራ። «ማሻአላህ! አላህ መቶ ያድርስላት።» በቅንነት ያለው ነው፤ ሰውዬው ምን ያውቃል። ተሻለች ቀለበቷን አውልቃ መስታወቱ ላይ አስቀመጠችና፣ «ተመልሼ እመጣለሁ» ብላ ወጣች። ከወርቅ ቤቱ ጎን ሁለት ፈረሶች ጋሪ እንደተጠመዱ ቆመው ነበር፤ በእነሱ ተከልላ አለቀሰች። ወርቅ ብሰጣት ደስታዋን አላይም፣ ፍርሃቷን ነው የማየው ብላ አለቀሰች። እውነቷን ነው፤ በሰላም ጊዜ ማን ነው ለጓደኛው ወርቅ የሚሰጠው?

ከዚያ በኋላ ያለው ሰዓት በመዞር አለቀ። ጋቢ አነሳች፤ ጋቢ ለበሽተኛ የሚደረብ ነው ብላ ተወችው። ሽቶ አሸተተች፤ አሰፋሽ አሁን ሽታ ያስመልሳታል። ብርድ ልብስ አየች፤ ሦስት ጠያቂ ብርድ ልብስ አምጥቶላታል። የሚያስቀውና የሚያበሽቀው፣ አሰላ ሙሉ ዕቃ ሞልቶ ለአንዲት ሴት የሚሆን ነገር መጥፋቱ ነው። በመጨረሻ ጉደታ ጫማ ቤት ገባች። ጉደታ ያውቃታል። «ኖር፣ አዴ ተሻለች» ብሎ በአክብሮት ወንበር ሳበላት። ጥቁር ቆዳ፣ ተረከዙ ዝቅ ያለ፣ ለመሥሪያ ቤት የሚሆን ጫማ አሳያት። አገላብጦ ሶሉን በጣቱ መታ መታ አደረገው። «ይኼ የዋዛ አይደለም። ሦስት ክረምት ያስኬዳታል።» ተሻለች የምትፈልገው ይህንኑ ነበር። ሥራ ትመለሻለሽ የሚል፣ ጭቃ ትረግጪያለሽ የሚል ስጦታ። ዋጋው ሦስት ሺህ አምስት መቶ ነበር፤ ተከራክራ በሁለት ሺህ ስምንት መቶ ወሰደችው። ለቅርብ ጓደኛ አያሳፍርም፣ ለሚሞት ሰው ግን አይመስልም። ተረፈ የተባለው ብር መሀረቡ ውስጥ ሆኖ ክንዷን ከበዳት። ከወርቁ ይልቅ ጫማውን በመምረጧ ጎበዝ ነሽ የሚላት ሰው ፈለገች።

የአሰፋሽ ቤት ሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሁለት ሴት ልጆቿን ያሳደገችው እዚያው ነው። ትልቋ ትንቢት አዳማ ዩኒቨርሲቲ ናት፤ እናቷ ምን እንዳላት ከተሻለች ሰምታለች። ትንሿ ማሂ ገና አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ለእሷ ማንም አልነገራትም። ሶፋዎቹ ወደ ግድግዳ ተገፍተዋል፣ ከጎረቤት ወንበር መጥቷል። ግድግዳው ላይ ትንቢት አምስትና ዜሮ ቁጥር ሰቅላለች፤ ፊኛ ናቸው፣ ዜሮዋ ተንፍሳ አንገቷን ደፍታለች። ኬኩም ዓርብ ስለሆነ የጾም ነው። የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ኮታቸውን እንደለበሱ ተደርድረው፣ ለልደት ይጨበጨባል ወይስ እልል ይባላል የሚለው ስላልገባቸው ሁለቱንም ትንሽ ትንሽ አደረጉ። አሰፋሽ መሐል ተቀምጣለች። ዓይኗ ቢጫ ሆኗል፣ ሆዷ ተነፍቶ ቀሚሷን ወጥሮታል፤ ከንፈሯን ግን ቀለም ተቀብታለች። «ልደቴን ደግሞ ከየት አመጣችሁት?» አለች። «መታወቂያ ሳወጣ ጸሐፊው ምሳው ደርሶበት ዝም ብሎ የሞላው ቀን እኮ ነው።» ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ከሚገባው በላይ ሳቀ። እንደሻው የመሥሪያ ቤቱን ስጦታ፣ አንድ ፔርሙስ ከብርጭቆዎች ጋር፣ አጭር ንግግር አድርጎ አስረከበ። አይሻ በሩ አጠገብ ተቀምጣለች። ተሻለች ወደዚያ አላየችም።

ተሻለችም የገዛችውን ጫማ ሰጠቻት። ስጦታው አልቆ ኬኩ መታደል ሲጀምር አሰፋሽ፣ «ተሹ፣ ትንሽ ጎኔን ላሳርፍ፤ ደግፊኝ» አለቻት። መኝታ ቤቱ አልጋና ቁም ሳጥን ይዞ ለአንድ ሰው መቆሚያ ብቻ ያስተርፋል። ተሻለች በሩን ዘጋች። አሰፋሽ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና፣ «በይ ጫማዬን አድርጊልኝ» አለች። ተሻለች ተንበርክካ ካልሲዋን አወለቀችላት። እግሯ አብጧል፤ ጣቷ የነካበት ቦታ ተሰርጉዶ ቀረ። ጫማው ከጣቶቿ አልፎ አልገባም። ገፋች፣ ማሰሪያውን ፈታች፣ እንደገና ገፋች።

«ተዪው» አለች አሰፋሽ። «ለትንቢት ይሆናታል። ስንት ገዛሽው?»

«የስጦታ ዋጋ ይጠየቃል እንዴ?»

«ቆይ እኔ ልንገርሽ። ሦስት ሺህ አይሞላም።» ፈገግ አለች። «ባሳንስ ትቀየመኛለች፣ ብጨምር ትነቃብኛለች ብለሽ ነው። ስንት ሱቅ ዞርሽ?»

ተሻለች ጫማውን እንደያዘች ቀረች። «በምኑ ነው የምትነቂብኝ?»

«ተሹ። ከአዲስ አበባ ስንመለስ ብርቱካን ገዝተሽ፣ ልጠሽ፣ ነጩን ሳይቀር አውጥተሽ አበላሽኝ። በዕድሜሽ ብርቱካን ልጠሽልኝ አታውቂም። ያን ዕለት ነው ያወቅሁት። በኋላ ነርሷን ጠየቅኳት፤ አልደበቀችኝም።»

ከሳሎን የሳህን ድምፅ ይሰማል። ተሻለች ያን ሁሉ ጊዜ ሰው ደጅ ላይ እያስቆመች ስታሠለጥን፣ ውስጥ የተኛችው ሴት ደግሞ የተሠለጠኑትን ሰዎች እንዳታሳፍር ያመነች እየመሰለች ተቀብላቸዋለች።

«አይሻ ዛሬ አላየችሽም፣ አንቺም አላየሻትም» አለች አሰፋሽ። «ምን አልሻት? አትቀየሚያት፤ እኔ ነኝ ትንሽ አድርጉት ያልኳት። የዛሬው ዕቃ ነው፤ ዕቃ ለልጆቼ ምን ይሆናቸዋል? ያኔ የሚዋጣውን በትንቢት ስም ባንክ ታስገባዋለች፣ የማሂን ትምህርት ቤት ትከፍላለች። ተነጋግረን ጨርሰናል። ለማንም አልናገርም ብላ ምላልኛለች።»

«ለአይሻ ነገርሽ?» ተሻለች ድምጿ ተሰበረ። «ለእኔ ሳትነግሪ?»

«ስንቴ ጀመርኩልሽ። ስለ ልጆቹ ላወራ ስል ቴሌቪዥን ትከፍቻለሽ። ሌሊት አይነጋልኝም ስልሽ መድኃኒቱ ነው ትያለሽ። አይሻ መጣች፣ ተቀመጠች፣ የሚያስፈልግሽ ነገር አለ ወይ አለችኝ፤ አለቀሰች፣ ከዚያ ጻፈች። በቃ።» ትንፋሿን ሰበሰበች። የተሻለችን እጅ ያዘች፤ እጇ እንደ እሳት ይፋጃል። «አሁን ግን ለአይሻ ያልሰጠሁት አንድ ነገር አለ። ማሂ። ከጎረቤት ጩኸት እንዳትሰማው። እኔ እያለሁ፣ በዚህ ሳምንት፣ አንቺ ንገሪልኝ። አንቺን ትወድሻለች። እኔ ልሞክር ብዬ አቃተኝ። እባክሽ።»

ይህ ነበር ስጦታው። ከሃያ ሺህ ብሩ አንድ ሳንቲም አይፈልግም፤ እሺ የሚል ቃል ብቻ ነው የሚፈልገው። ተሻለችም ልትል ነበር። ያቺ አጠገቧ ዝም ብላ የከረመች ሴት እንዴት እንደተቀመጠች ታስታውሳለች፤ ልክ እንደዚያ መቀመጥ ፈልጋ ነበር። ነገር ግን አፏ ወራት ሙሉ የለመደውን ነው የተናገረው።

«ትድኛለሽ እኮ፣ አሰፉዬ። ለልጅ እንዲህ ያለ ነገር ይነገራል? ሐኪሙ በቀጠሮው መድኃኒቱን ይቀይርልሻል፣ ጸበሉንም እንሞክራለን፣ ትነሺያለሽ።»

አሰፋሽ ለረጅም ጊዜ አየቻት። ንዴት አልነበረባትም፤ ንዴት ቢሆን ይሻል ነበር። እጇን ከተሻለች እጅ ቀስ ብላ አወጣችና ጉንጯን ዳበሰቻት፣ ሕፃን እንደሚያባብሉት።

«እሺ» አለች። «እድናለሁ። በይ አይሻን ጥሪልኝ።»

ተሻለች ወጣች። ይቅርታ ልትል ነበር ያሰበችው፤ አይሻ ፊት ስትቆም ግን ከአንደበቷ የወጣው «ትፈልግሻለች» የሚል ብቻ ነው። አይሻ ሳህኗን አስቀመጠች፣ መኝታ ቤቱ በር ላይ ጫማዋን አውልቃ ገባች፣ በሩን ከኋላዋ ዘጋችው። ሳሎኑ ውስጥ እንደሻው ስለ ጤፍ ዋጋ ያወራል። ማሂ ኬክ በሳህን ይዛ መጣችና ተሻለችን በዝግታ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ፣ «እማዬ ምን አለችሽ?» ስትል ጠየቀቻት።

«ጫማውን ወደደችው» አለች ተሻለች። «ልኳ ነው።»

ማሂ የተዘጋውን በር አየች፣ ከዚያ የተሻለችን ዓይን አየች። ትልቅ ሰው እንዳያለቅስባት የፈራች ልጅ ሆና፣ «አዎ፣ ያምራል» አለቻትና ኬኩን ሰጠቻት።